አረንጓዴው ስክሪን እና የጅብሪል ገብስ

በአሰላ ከተማ፣ ስሙን ለክብሩ ስንል በማንጠራው ጽሕፈት ቤት፣ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስክሪን ዛሬም አረንጓዴ መሆኑን ለመላው የአርሲ ሕዝብ ስናበስር የሚሰማን ኩራት ወሰን የለውም። ትናንትም አረንጓዴ ነበር። ከትናንት በስቲያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ውሏል፤ ይሁን እንጂ በጥቁረቱ ውስጥም አረንጓዴ እንደነበር የኮሙኒኬሽን ባለሙያው ጌትነት በጽሕፈት ቤቱ የፌስቡክ ገጽ አረጋግጧል።

አንዳንድ አንባቢ «ስክሪን አረንጓዴ ቢሆን ምን ይገርማል?» ሊል ይችላል። እንዲህ የሚል አንባቢ ምረቃው ላይ ያልተጠራ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ከሥሩ እናስረዳው።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ወልደጻድቅ፣ ገበሬው እህሉ በደረሰ ቁጥር ኮምባይነር ፍለጋ ከደላላ ደላላ የሚንከራተትበት ዘመን እንዲያበቃ ቆርጠው ተነሡ። በበቆጂ፣ በኦጎልቾና በአርቦዬ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች፣ በየልማት ጣቢያው ግድግዳ ላይ አንዳንድ የመጥሪያ ሳጥን ተተከለ። ሳጥኑ አንድ ቁልፍ አለው። ሰብሉ የደረሰለት ገበሬ ቁልፉን ይጫናል፤ ሳጥኑ በስልክ መስመር ትንሽ መልእክት ወደ አሰላ ይልካል፤ አሰላ ያለው ሰርቨር መልእክቱን ይቀበላል፤ ስክሪኑ ላይ የቀበሌው ስም ቀይ ይሆናል፤ ግቢው ውስጥ የቆመው ኮምባይነር ተነሥቶ ይሄዳል። አጭዶ ሲመለስ ስሙ ወደ አረንጓዴ ይዞራል። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ሐሳብ ነው። በኋላ ሁሉንም ሰው ያስቸገረውም ጥሩ መሆኑ ነው።

በምረቃው ዋዜማ ልምምድ ነበር። አቶ ወልደጻድቅ ስክሪኑ ፊት ቆመው «ዛሬ በአርሲ ምድር አዲስ ምዕራፍ» የሚለው ጋ ሲደርሱ የአንድ የአርቦዬ ቀበሌ ስም ቀይ በራ። «ምዕራፍ» ብለው ሳይጨርሱ ኦጎልቾ ተከተለ። ገበሬው ቁልፍ አግኝቶ ኖሮ ተጭኗል። አቶ ወልደጻድቅ ቀለሙን አልወደዱትም።

«ነገ እንግዶች ፊት እንዲህ ሊሆን ነው?» ሲሉ ሥርዓቱን ሊገጥም ከአዳማ የመጣውን ባለሙያ ጠየቁት።

«ጌታዬ፣ ቀይ ከሆነ እኮ ሠራ ማለት ነው።»

«ላንተ ነው። ለእንግዳ ቀይ ቀይ ነው። ነገ ይህ ማሽን ከእኛ ከራሳችን በቀር ማንንም እንዳይሰማ አድርግልኝ።»

ባለሙያው ኪቦርዱን ነካ ነካ አደረገ፤ ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ፤ በማግስቱ የምረቃውን ክትፎ በልቶ ወደ አዳማ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ቢደወል አይነሣም፤ ይህም ሰውየው ከሠራው ሥርዓት ጋር ምን ያህል እንደተዋሐደ ያሳያል።

ምረቃው ያማረ ነበር። አቶ ወልደጻድቅ እዚያው ሰርቨሩ ላይ በተሰካው ኪቦርድ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ «ማሳያ» የሚል ስም ቀይ በራ፤ ግቢ ውስጥ የኮምባይነሩ ኦፕሬተር ጉቱ ሞተሩን አስነሣ፤ ጭሱ ከእንግዶቹ ነጠላ ጋር ተዋወቀ፤ ስሙ ወደ አረንጓዴ ተመለሰ፤ ተጨበጨበ። መጋረጃው ሲገለጥ ከሥሩ እብነ በረድ ተገኘ፤ እብነ በረዱ ላይ የአቶ ወልደጻድቅ ስም ተገኘ። በዚያኑ ዕለት አንድ አቅጣጫ ተሰጠ፦ ከበላይ አካል ገምጋሚ ቡድን መጥቶ እስኪያይ ድረስ የተመረቀውን ሥርዓት ማንም እንዳይነካ። አመክንዮው ጥብቅ ነው። የተመረቀ ነገር ይሠራል፤ ባይሠራ ኖሮ አይመረቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታሪክ ይመዝግበው። አንድም ስም ቀይ አልበራም። መኸሩ ደረሰ፤ ስንዴው ቢጫ ሆነ፤ ገብሱ ነጣ፤ ስክሪኑ ግን አረንጓዴ። ጌትነት ለበላይ አካል በላከው ሪፖርት ላይ ሐሳቡን እንዲህ አስቀመጠው፦ የኮምባይነር ጥያቄ ዜሮ፤ ጥያቄ የሌለው ገበሬ የረካ ገበሬ ነውና፣ እርካታ መቶ በመቶ።

ኮምባይነሩ ግቢው ውስጥ በክብር ቆመ። የጥበቃው ዶሮ የእህል ማጠራቀሚያው ውስጥ ገብታ እንቁላል መጣል ጀመረች። ጉቱ በየጠዋቱ ይመጣል፣ ሞተሩን ያስነሣል፣ ትንሽ ያዳምጠዋል፣ ያጠፋዋል፣ መስተዋቱን ይወለውላል። ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ሠራተኞች በመስኮት ብቅ እያሉ ይነካኩታል፦

«ጉቱ፣ ዛሬም አልተጠራህም?»

«ዛሬም ሁሉም ጠግቧል» ይላል፤ መወልወሉን ይቀጥላል።

ኅዳር ሲጋመስ ግን ከበቆጂ ማዶ ጅብሪል የሚባሉ አዛውንት ገበሬ መጡ። የመጡት በአካል ነው። ስህተቱ እዚህ ላይ ይጀምራል።

«ቁልፉን ተጭነዋል?» አሉ አቶ ወልደጻድቅ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆመው። ለሽማግሌ ወንበር እንዲመጣ አዘዋል፤ በዚህ አይታሙም።

«ጣቴ እስኪደነዝዝ ተጭኛለሁ፣ ኦቦ ወልደጻድቅ።»

«መቼ ነው የተጫኑት?»

«ገብሱ ሲነጣ ተጫንኩ። ሲደርቅ ተጫንኩ። አሁን ደግሞ አንገቱን ሲደፋ ተጭኜ ነው የመጣሁት።»

አቶ ወልደጻድቅ በትሕትና ወደ ስክሪኑ አመለከቷቸው። «ይኸው የእርስዎ ቀበሌ። ምን ይታይዎታል?»

«አረንጓዴ።»

«አረንጓዴ ማለት ጥያቄ የለም ማለት ነው።»

«እኔ አለሁ እኮ። ይኸው ቆሜያለሁ።»

«እርስዎማ አሉ፤ እንኳን ደህና መጡ። ጥያቄዎ ግን አልደረሰም። በአካል መምጣት በሥርዓቱ አይታወቅም።»

ጅብሪል በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከቱ። «ኮምባይነሩ ያው ቆሟል። ዶሮ ተኝታበታለች።»

«ተጠባባቂ ነው።»

«ማንን ይጠብቃል?»

«ጥሪ።»

«እና ይኸው ጠራሁት።»

«በአፍ ነው የጠሩት። በአፍ የተጠራ ኮምባይነር ከሄደማ፣ ሥርዓቱ ለምን ተመረቀ?»

ጅብሪል ይህን ትንሽ አሰቡበት። «እንግዲያው የግል ኮምባይነር ላምጣ። ደላላ አውቃለሁ።»

«ሥርዓቱ በገባበት ቀበሌ የደላላ ኮምባይነር ድርሽ እንዳይል ታግዷል። እናንተኑ ከብዝበዛ ለመጠበቅ ነው።»

ከመስኮቱ ማዶ የጭላሎ ተራራ ራሱን በደመና ሸፍኗል። ወቅቱ የደመና አልነበረም። ጅብሪል ጣታቸውን ወደዚያ ቀሰሩ። «ያ ነገር ከወረደ፣ ገብሴ ማሳው ላይ እንደቆመ ዛላው ላይ ይበቅላል። የበቀለውን የቢራ ገብስ ገዢዎቹ አይነኩትም። ለዘርም አይሆነኝ። የዘንድሮ ቤቴ እሱ ነው፤ ሌላ የለኝም።»

«ዝናቡ እስከ መቼ ይታገሣል ይላሉ?»

«እሱን የሚያውቀው ፈጣሪ፣ ረቢ ነው። ደመና ሲመጣ የሚቆረጥመኝ ጉልበቴ ግን ከዓርብ አያልፍም ይላል።»

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ዓርብ ደግሞ ገምጋሚ ቡድኑ የሚመጣበት ቀን ነው። አቶ ወልደጻድቅ ሁለቱ በአንድ ቀን መዋላቸውን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ለገብሱ ነው ብለን እናምናለን።

ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆማ የምትሰማ አንዲት ሴት ነበረች፤ የኮምፒውተር ባለሙያዋ ሲፈን። በምረቃው ጊዜ ሥልጠና ላይ ስለነበረች ክትፎውም፣ ቀዩም፣ አቅጣጫውም አምልጧታል። ከጅብሪል ጋር በኦሮምኛ ሁለት ሦስት ቃል ተለዋወጠችና ወደ ሰርቨሩ ክፍል ገባች። አቶ ወልደጻድቅ ተከተሏት። ክፍሉ ድሮ የሻይ ብርጭቆ ይቀመጥበት የነበረ ነው፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ የሚባለው ነገር የሚኖረው እዚያ ነው።

ሲፈን መጀመሪያ ምረቃው ላይ የተደረገውን አደረገች። እዚያው ማሽኑ ላይ ሆና ለማሽኑ መልእክት ላከች። ኮሪደሩ ላይ «ማሳያ» ቀይ በራ።

«አየሽ?» አሉ አቶ ወልደጻድቅ። «ይሠራል።»

«ከራሱ ጋር ነው የሚሠራው።»

«ከራሱ ጋር የተስማማ ከሰው ጋር ምን ያጣላዋል?»

ሲፈን ስልኳን አነሣችና በጅብሪል ቀበሌ ለምትሠራው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ደወለች። «ከዲጃ፣ ሲፈን ነኝ፣ ከአሰላ። እስቲ ያንን ቁልፍ ተጫኚልኝ።»

«ዛሬም ይጫን?» አለች ከዲጃ በስልኩ ውስጥ። «ከመጫን ብዛት ቀለሙ ተልጦ አልቋል። ሰዉ አሁን አሁን የሚጫነው ለመሐላ ነው። ቆይ። ይኸው።»

ሲፈን በማሽኑ በር የሚያልፈውን የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍታ ነበር። መልእክቷ መጣች። ከኦጎልቾ ሌላ መጣች። ከአርቦዬ ሁለት ተከታትለው መጡ። ሁሉም በሩ ድረስ ይመጣሉ፤ ከውስጥ ወጥቶ የሚቀበላቸው የለም። ማሽኑማ ሥርዓት ያለው ነው፤ ለእያንዳንዳቸው «በዚህ በር የሚያስተናግድ የለም» የሚል አጭር መልስ ይሰዳል፤ የደጁ ላይ ጸሐፊ «ኃላፊው የሉም» እንደምትለው። የቀበሌው ሳጥን ግን አፍ እንጂ ጆሮ አልተሠራለትም።

«ጥበቃው ይሆናል የከለከላቸው» አሉ አቶ ወልደጻድቅ።

«የቱ ጥበቃ?»

«ፋየርዎል የምትሉት።»

ሲፈን አየች። «ፋየርዎሉ ፈቅዷል። በሩ ክፍት ነው።»

«እንግዲያው የመስመሩ ችግር ነው።»

«መስመሩ አምጥቷቸዋል፤ ይኸው እየታዩ ነው።»

«መብራት?»

«ጋሽ ወልደጻድቅ፣ መብራት ባይኖር በምን እናያለን?»

ከዚያ ማሽኑን አንድ ጥያቄ ጠየቀችው፤ ውስጥህ ያለው አገልግሎት ጆሮውን የጣለው የት አድራሻ ላይ ነው? ማሽኑም ያለማፈር መለሰ፦ 127.0.0.1። ይህ አድራሻ በዓለም ላይ ያለ ማሽን ሁሉ ራሱን «እኔ» ብሎ የሚጠራበት ነው። እዚህ አድራሻ ላይ ብቻ የሚያዳምጥ አገልግሎት የሚሰማው ከዚያው ማሽን የሚነሣ ድምፅ ብቻ ነው። ያገራችን ሰው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል፤ እዚህ ግን ጆሮ ለባለቤቱ ብቻ ዘመድ ሆኖ ለአርሲ ገበሬ በሙሉ ባዳ ሆኗል።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አሉ አቶ ወልደጻድቅ።

«አንድ መስመር ነው። ሁሉንም ስማ ብዬ ጽፌ አጥፍቼ ሳስነሣው ሻይ አይቀዘቅዝም።»

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«አላውቅም። የተለወጠው ግን በምረቃው ዋዜማ ነው።»

አቶ ወልደጻድቅ ሳል ያዛቸው። ሲለቃቸው «ስብሰባ ይጠራ» አሉ።

ስብሰባው የተካሄደው በእብነ በረዱ አጠገብ ባለው ክፍል ነው። አቶ ወልደጻድቅ በሰብሳቢነት፣ የንብረት ኃላፊዋ ወይዘሮ ብርቄ በቃለ ጉባኤ ያዥነት፣ ጌትነት በቃላት መራጭነት፣ ሲፈን በጥፋተኛነት ተገኙ።

«አጀንዳው ‹የሥርዓቱ ብልሽት› ይበል?» አሉ ወይዘሮ ብርቄ።

«ብልሽት የሚለው ይውጣ» አሉ ሰብሳቢው።

«ክፍተት?» አለ ጌትነት።

«ክፍተትም ከተመረቀ በኋላ ይከብዳል። ከክፍተት በታች ምን አለ?»

«የማዳመጥ ቁጥብነት።»

«ይጻፍ።»

ሲፈን እጇን አወጣች። «ጅብሪል ታች ተቀምጠዋል። ደመናው እየወረደ ነው። አንድ መስመር ልለውጥ ነው የምለው።»

«ትለውጪያለሽ፤ ማን አትለውጪም አለሽ?» አሉ አቶ ወልደጻድቅ። «መጀመሪያ ግን ጉባኤው ይረዳው። ይህ መልእክት ዩዲፒ ነው ብለሻል። ምን ማለት ነው?»

«መልእክቱን አንዴ ልኮ ይተዋል። ደረሰ ወይ ብሎ አይከታተልም። የደረሰውም ደርሶኛል ማለት አይጠበቅበትም።»

ጉባኤው እርስ በርሱ ተያየ።

«ይኼማ» አሉ ወይዘሮ ብርቄ ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ «ነባር አሠራራችን ነው። ለምን እንደ አዲስ ይመረቃል?»

«ከበቆጂ እዚህ መልእክት ለማድረስ ሽቦ ምን አስፈለገ ብዬ ነበር ድሮም» አለ ጌትነት። «የበቆጂን ልጅ ነግሮ መልቀቅ ነው፤ ላቡ ሳይወጣ ይደርሳል። ደርሶኛል ብሎም ያስፈርማል።»

ከብዙ ውይይት በኋላ ታላቅ ውሳኔ ተወሰነ፦ ኃላፊው ባሉበት፣ ለአጭር ጊዜ፣ በሙከራ ደረጃ፣ ማሽኑ ሌላ ሰው እንዲሰማ ይፈቀድለት። ጉባኤው በሙሉ ተነሥቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ጅብሪልም ነገሩ ደርሷል ሲባሉ፣ ታች አብሯቸው ተቀምጦ የነበረውን ጉቱን አስከትለው ወጡ። ሲፈን ገብታ መስመሩን ለወጠች፤ አገልግሎቱን አጥፍታ አስነሣችው።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከዲጃ፣ ተነግሯት ስለነበር፣ የተላጠውን ቁልፍ ተጫነች። የጅብሪል ቀበሌ ቀይ ሆነ። ኦጎልቾ ቀይ ሆነ። አርቦዬ ቀላ። ከላይ እስከ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ስክሪኑ እንደ መስከረም በርበሬ ቀላ። ኮሪደሩ ላይ የቆሙት ሁሉ ፊታቸው በብርሃኑ ቀላ።

«ይኸው ደረሰ» አሉ ጅብሪል። «የኔ ነው፤ ከላይ ያለው።»

«ሲፈን፣ ምን አደረግሽ?» አሉ አቶ ወልደጻድቅ።

«ሰማ።»

«ጌትነት፣ ጠዋት ስንት ነበርን?»

«መቶ በመቶ።»

«አሁንስ?»

ጌትነት በስልኩ ቀመረ። መቀመር አያስፈልገውም ነበር፤ ለወጉ ነው። «ዜሮ።»

«እንዲህ ነው እንግዲህ» አሉ አቶ ወልደጻድቅ፣ ከቁጣ ይልቅ በኀዘን። «ደህና ሲሠራ የነበረ ሥርዓት በአንዲት መስመር አበላሸሽው። መልሺው።»

ብልሽት የሚለው ቃል በጽሕፈት ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጸደቀው ያን ጊዜ ነው፤ ወይዘሮ ብርቄም ወዲያው መዘገቡት።

«ኦቦ ወልደጻድቅ፣ ደርሷል እኮ» አሉ ጅብሪል። «አልደረሰም ብለውኝ ነበር። ይኸው ደርሷል።»

«የደረሰው በሙከራ ጊዜ ነው አባቴ። በሙከራ የደረሰ አይቆጠርም። ዓርብ ቡድኑ ይምጣና ይሂድ፤ ሰኞ እንነጋገራለን።»

«ሰኞማ ገብሱ የለም።»

አቶ ወልደጻድቅ ወደ ሲፈን ዞረው «መልሺው ብያለሁ» አሉ።

«እሺ። ትንሽ ይቆያል።»

«ሻይ አይቀዘቅዝም አላልሽም?»

«እሱ ለመክፈት ነው» አለች ሲፈን። «ለመዝጋት ሻዩን መጠጣት አለብኝ።» ወደ ሻይ ቤቱ ወረደች፤ አጠጣጧ የችኮላ አልነበረም።

ስክሪኑ እስክትመለስ ቀልቶ ቆየ። ሁሉም ወደየቢሮው ገባ፤ ቀይ ማየት ደስ አይልም። ጉቱና ጅብሪል ብቻ ቀሩ። ጉቱ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ስክሪኑን ከላይ ወደ ታች አየው። ከስክሪኑ ሥር፣ ለምረቃው በትልልቅ ፊደል የታተመ መመሪያ ተለጥፏል፦ «ቀይ ሲበራ ኮምባይነር ይነሣል»። ጉቱ እሱንም አየው። ከዚያ ጅብሪልን የት እንደሚያድሩ ጠየቃቸው፤ ሌላ የተነጋገሩት የለም።

ሐሙስ ጠዋት እንደ ወትሮው ጉቱ መጣ፤ እንደ ወትሮው የኮምባይነሩ ሞተር ተነሣ። የዘወትር ድምፅ ስለሆነ ጆሮ የሰጠው የለም። የዕለቱ ልዩነት፣ ሞተሩ አለመጥፋቱና ድምፁ ቀስ በቀስ በበቆጂ መንገድ እየራቀ መሄዱ ነበር። አቶ ወልደጻድቅ ቢሮ ሲገቡ ግቢው ውስጥ ኮምባይነሩ የቆመበት ሣር ገርጥቶ ተገኘ። ጥበቃው ዶሮዋን ታቅፎ ቆሟል።

«የት ሄደ?»

«እኔ የተረከብኩት ዶሮዋን ነው» አለ ጥበቃው።

ለጉቱ ተደወለ። ስልኩ ይጠራል፤ አይነሣም። የኮምባይነር ሞተር ሥር ስልክ እንደማይሰማ የሚያውቅ ያውቃል።

ዓርብ ገምጋሚ ቡድኑ በሁለት ነጭ መኪና መጣ። እብነ በረዱ ተወልውሎ ነበር። ስክሪኑም አረንጓዴ ነበር፤ ሲፈን ሻይዋን ጨርሳ መስመሩን መልሳዋለች፤ ታዝዛለችና። የቡድኑ መሪ ቀለሙን አደነቁ፤ ሪፖርቱን አገላበጡ፤ ግቢውን በመስኮት አዩ፤ የገረጣውን ሣር አዩ።

«ኮምባይነሩስ?»

«ሥራ ላይ ነው» አሉ አቶ ወልደጻድቅ።

«ስክሪኑ ጥያቄ የለም ይላል። ማን ጠርቶት ሄደ?»

ንብረት ያለ ትእዛዝ ወጥቷል ቢባል ጉቱ በስርቆት ይጠየቃል፤ ታዞ ነው ቢባል ስክሪኑ ለምን አላየም ይባላል፤ ስክሪኑ ለምን አላየም ከተባለ ደግሞ መንገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ምረቃው ዋዜማ ይወስዳል። አቶ ወልደጻድቅ ሳላቸው ተነሣ። ያዳናቸው ጌትነት ነው።

«የኛ ሥርዓት» አለ ጌትነት፣ «ጥያቄ እስኪቀርብ አይጠብቅም። ቀድሞ ይሰማል። ስለዚህ ጥያቄው ስክሪኑ ላይ የመውጣት ዕድል የለውም።»

የቡድኑ መሪ ብዕራቸውን አነሡ። «ማረጋገጥ ይቻላል?»

ለከዲጃ ተደወለ፤ ድምፅዋ ለሁሉም እንዲሰማ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

«ኮምባይነር ደርሷችኋል?» አሉ መሪው።

«ደርሷል። የጅብሪል ገብስ ትናንት ታጭዶ ጎተራ ገባ። የጎረቤቶቻቸውንም አጭዶ ጠዋት ወጥቷል» አለች ከዲጃ። ከድምፅዋ ጀርባ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ነገር ይሰማል። «ይቅርታ፣ ዝናቡ አያሰማም። አሁን ነው የጀመረው።»

የጅብሪል ጉልበት አልዋሸም።

ቡድኑ ተደነቀ። ገበሬው ሳይጠይቅ፣ ስክሪኑ ሳይቀላ፣ ዝናቡ ሳይወርድ የደረሰ አገልግሎት ማን አይቶ ያውቃል? መሪው ቆመው ተናገሩ፦ ይህ ምርጥ ተሞክሮ ነው፤ በሌሎች ዞኖችም ይስፋፋ፤ ሲስፋፋ ግን እንዳለ ይገልበጥ፤ አንዲት መስመር እንዳትነካ። ሲፈን እጇን አወጣች። ማይኩ እሷ ጋ አልደረሰም።

በዚህ መሃል ኮምባይነሩ በበሩ ገባ። እስከ መስተዋቱ አቧራ ነበር። ጉቱ ወርዶ እግሩን ሳይጠርግ ወደ አዳራሹ ተጠራ። ትከሻው ላይ የገብስ ገለባ አለ። አቶ ወልደጻድቅ በሩ ላይ ተቀብለው በጆሮው «ሥርዓቱ እንዴት እንደጠራህ በአጭሩ ብቻ፤ ቀይ የሚል ነገር እንዳታነሣ» አሉት።

መሪው ማይኩን ራሳቸው አቀበሉት። «በል ወንድሜ፣ ለሌሎች ዞኖች ትምህርት እንዲሆን ነው፤ ማን ጠራህ?»

ጉቱ ማይኩን እንደ መፍቻ በሙሉ እጁ ያዘ። በተከፈተው በር አረንጓዴውን ስክሪን አየ፤ ከሥሩ የተለጠፈውን መመሪያ አየ፤ ሲፈንን አየ፤ አቶ ወልደጻድቅን አየ።

«ምነው አይመልስም?» አሉ መሪው ወደ ጎን።

«ዩዲፒ ነው» አለች ሲፈን።

«ችግር የለም፣ አትፍራ» አሉት አቶ ወልደጻድቅ፤ የፈሩት ግን እሳቸው ነበሩ። «የሆነውን ብቻ አስረዳ። ሥርዓቱ ሰማ፣ አንተ ሄድክ፣ አጨድክ፣ መጣህ። ይኸው ነው። አስረዳ።»

«አላስረዳም» አለ ጉቱ፤ ማይኩንም መለሰላቸው።